ስማችን የተለጠፈበት መስታወት

የሠርጌ ቪዲዮ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከቬሎዬ ሥር ተቀምጧል። እስከ መካከሉ ድረስ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እህቶቼ ሲያለቅሱ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲገፋፉ፣ አባቴ ፈረሱ ላይ ሲወጣ አያለሁ። ከዚያ አጠፋዋለሁ። የቀረውን ለማየት አንድም ቀን ጨክኜ አላውቅም። ዛሬ ያንን የቀረውን ላጫውታችሁ ነው፤ "ላጫውታችሁ" ስል ግን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝም እዚያው ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ምላሴ ትንሽ ረዘም ያለ ስለሆነ እናቴ "ይቺን ማን ያገባታል?" እያለች ትጨነቅ ነበርና፣ ደሳለኝ ሽማግሌ ሲልክ ከእኔ ይልቅ የተደሰተችው እሷ ናት። አባቴ ግን አልተደሰተም ነበር። ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ቤቱ ባዶ ሊቀር ነው።

የአባቴ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚገባ ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። ኮረኮንቹ ቁልቁል ወርዶ አንዲት ጠባብ ድልድይ ላይ ይደርሳል፤ ድልድዩን ሲሻገሩ አስፋልቱ ይታያል። አባቴ ልጅ ሲድር እስከዚያች ድልድይ በፈረስ ይሸኛል። ሠርገኛው በበቅሎ መጣ በመኪና ግድ የለውም፤ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ፈረሱን ያቆማል፣ ፊቱን ወደ ሙሽሪት ያዞራል፣ ከኮርቻው ሳይወርድ ይመርቃታል። ከዚያ ጥግ ይዞ መንገድ ይለቅላታል። ሁለቱን እህቶቼን እንዲህ ሸኝቷቸዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ሠርጌ ሳስብ የማስበው ቬሎውን ሳይሆን ያንን ምርቃት ነበር። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ለልጆቹ የሚናገረውን ሁሉ ለዚያች ድልድይ ያስቀመጠ ይመስለኛል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጌትነት ባሕር ዳር ይነግዳል። ለሠርጋችን ብሎ ከቻይና የመጣች አዲስ መኪና ይዞ መጣ። ስለ እሷ ሲያወራ ለሚሰማው፣ ሙሽራዋ እሷ እንጂ እኔ አልመስልም። ሠርጉ ሲቃረብ ዕቃ ለመግዛት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ፣ ከፊት መስታወቱ አናት ላይ፣ ከኋላ ማሳያው ጀርባ የተደበቀች ጥቁር ነገር በጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ።

"ይቺ ዓይኗ ናት፣ የዝባለም። ከፊቷ ሰው ወይም ከብት ከገባ እኔ ብተኛ እንኳ ራሷ ፍሬን ትይዛለች።"

"እንግዲያው አንተን ለምን ታስከትላለች?" አልኩት።

እየሳቀ ስለ ድንኳኑ ሊያጫውተኝ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከአንዲት ጥምዝ መንገድ ስንወጣ፣ ያመለጠች አህያና እሷን የምታባርር አንዲት ሴትዮ ድንገት መሀል መንገድ ገቡ። እኔ ለመጮህ አፌን ሳልከፍት መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ብላ ራሷ ሲጥ ብላ ቆመች። ወደ ፊት ተወርውረን የደህንነት ቀበቶው መለሰን። ሴትዮዋ ኮፈኑን በእጇ ልትነካው ትችል ነበር። አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ ሰማዩን አየችና አህያዋን እየረገመች ሄደች። እውነቱን ልናገር፤ ያቺ ሴት ዛሬ በሕይወት ካለች በዚያች መኪና ምክንያት ነው። ይህን ሳልናገር ወደ ሌላው ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

"አየሽ?" አለ ጌትነት። እየሳቀ መሪውን መታ መታ አደረገው። "እግሬን እንኳ አላነሳሁም እኮ!"

እኔም አጨበጨብኩለት።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ደርሰን ይህንኑ አወራን። አባቴ አጥር ሥር ተቀምጦ የፈረሱን ልጓም ይጠግን ነበር። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው።

"ራሷ ትቆማለች ነው የምትለኝ?" አለ አባቴ።

"አዎ፣ አያ ፈንቴ። ከፊቷ ነገር ካየች አንዲት ስንዝር አታልፍም።"

"ሾፌሩ ሳያዛት?"

"ሳያዛት።"

አባቴ ወደ ቦራ ዞር አለ። "ይኸማ ከዚህ በለጠች። ይኸ ሳላዘው የሚቆመው ጠላ ቤት ደጃፍ ብቻ ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ልጓሙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀጠለ። "ለነዚያ ለፊተኞቹ ሾፌሮች ልቆም ስል አለንጋዬን ከፍ አድርጌ ምልክት መስጠት ነበረብኝ። እነሱም አይተው ይቆማሉ። አንዱማ ዘግይቶብኝ ፈረሱን አስደንብሮታል።"

"የእኔ አታስቸግርዎትም። እርስዎ ብቻ ዘና ብለው ይሂዱ። እሷ ታውቃለች።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ" አለ አባቴ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት መኪናዋ ቡሬ ላይ ተሸለመች። ዲኮር የሚሠሩት ልጆች የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግን ነበር። ኮፈኑ ላይ ነጭና ወርቃማ ሪባን፣ አፍንጫዋ ላይ ትልቅ የአበባ ጉንጉን፣ የፊት መስታወቱ አናት ላይ ደግሞ በወርቃማ ወረቀት የተቆረጠ ሰፊ ልብ፤ ልቡ ውስጥ "ደሳለኝ እና የዝባለም" ይላል። ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ስሜን ነው። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! የእኔ ስም ከዚያ በፊት በትልቁ ተጽፎ የሚታየው ፈተና የወደቁ ተማሪዎች በሚጽፉበት የሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ ነበር።

ቦራም ተሸልሟል። አንገቱ ላይ ቀይ ዘርፍ፣ ኮርቻው ላይ ጥለት ያለው ልብስ፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ ጉትዬ የመሰለ ጌጥ አለው። አባቴ ፈረሱ ላይ ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ ያንን የግንባር ጌጥ ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገለት፤ ዓይኑን እንዳይጋርደው። ይህ ቪዲዮው ላይ አለ። እኔ የማጠፋው እዚህ ጋ ነው።

እኔና ደሳለኝ ከኋላ፣ ሚዜው ከፊት፣ ጌትነት መሪው ላይ ሆነን ተነሳን። አባቴ ከፊታችን ቦራን እያስረገጠ፣ ከኋላችን የመኪኖች ሰልፍ፣ በየአጥሩ ሥር እልልታ። ሙዚቃው ከፍ ብሏል። ጥቂት እንደሄድን ከመሪው ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ ቢጫ መብራትና አንድ መስመር የቻይና ጽሑፍ አየሁ። ያን ቀን ወደ ቡሬ ስንሄድ አልነበረም።

"ጋሼ ጌትነት፣ ይቺ ቢጫ ጽሑፍ ምንድን ናት?"

ጌትነት ዝቅ ብሎ አያት። "ከጠዋት ጀምራ አለች።" ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ሳቀ። "እንኳን ደስ አላችሁ እያለቻችሁ ነው!"

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። አሁንም ሳስበው ጥሩ ቀልድ ነው፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

መንገዱ ወደ ድልድዩ ማዘቅዘቅ ሲጀምር መኪናዋ ነዳጅ ሳይሰጣት ራሷ መንከባለል ጀመረች። ቪዲዮ ቀራጩ በእግሩ ከጎናችን እየሮጠ "ጌትዬ ወደዚህ! ፈገግ!" ይላል። ጌትነት አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ። እኔ የማየው አባቴን ነበር። ጀርባው ቀጥ ብሏል። ድልድዩ ቀርቧል። በልጅነቴ ሁሉ የጠበቅኋት ምርቃት እየመጣች ነው። ቬሎዬን ሰብሰብ አድርጌ ወደ ፊት ተጠጋሁ፣ ቃሉ እንዳያመልጠኝ።

አባቴ ቦራን አቆመው። አለንጋውን አላነሳም። ዞር ብሎም አላየም። ልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሰው ረጋ ብሎ ልጓሙን ሳበና ፈረሱን ወደ እኛ ሊያዞር ጀመረ።

"ጌትነት!" አለ ደሳለኝ።

ጌትነት ፊቱን መለሰ። አይቶታል፤ ይህን እምልላችኋለሁ። አይቶት ግን ለአንዲት ቅጽበት ምንም አላደረገም። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። መኪናዋን ጠበቃት። እሷ ደግሞ ጢጥም አላለች። እግሩ ፍሬኑን ሲያገኘው የመኪናዋ አፍንጫ ከነአበባው የቦራን የኋላ እግሮች መትቶ ነበር።

ፍጥነታችን የሚያስደነግጥ አልነበረም። ፈረስና ሰው የሚወድቁት ግን በፍጥነት ብቻ አይደለም። ቦራ ወገቡ ተቆርጦ እንደተቀመጠ ሆነ፤ አባቴ ከኮርቻው ተወርውሮ በጎኑ የድልድዩ ግንብ ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። ከመኪናው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ብቻ አፈር ላይ ተንበርክኬ ጭንቅላቱን ቬሎዬ ላይ አስደግፌ ነበር።

"አባዬ! አባዬ ይናገሩ!"

"እግሬ…" አለ። "ቦራ እንዴት ነው?"

ቦራ ሊነሳ ይታገላል፤ የፊት እግሮቹ ይቆማሉ፣ የኋላዎቹ አይከተሉትም። የአባቴ ወንድም አያ ምትኩ ከኋላ ሮጦ ደረሰ። ፈረሱን አየው፣ አባቴን አየው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አያ ምትኩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

አንድ ጥይት ብቻ ነው የተተኮሰው። ከመታጠፊያው ወዲያ ያሉት ሠርገኞች ምን እንደሆነ አላዩም፤ የደስታ ተኩስ መሰላቸው። እልል አሉ። ጡሩምባ ነፉ። አባቴ ያን እልልታ እጄ ላይ ሆኖ ሰማው። በሕይወቴ እንደዚያ እልልታ የጠላሁት ነገር የለም።

ጌትነት መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። ደሳለኝ "ተነሳ፣ እናንሳቸው!" ሲለው ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደና ሪባኑን መበጣጠስ ጀመረ። "በሠርግ መኪና ሆስፒታል አንገባም፣ በሠርግ መኪና አንገባም" እያለ አበባውን ነቅሎ ጣለው፤ ስማችን ያለበትን ልብም ከመስታወቱ ላይ በጥፍሩ ቧጥጦ አነሳው። መንዳት አልቻለም። ደሳለኝ ሱፉን እንደለበሰ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ አባቴን አቅፌ ተሳፈርኩ።

ቡሬ ላይ አይተው፣ እግሩን በእንጨት ደግፈው ወደ ፍኖተ ሰላም ላኩን። መንገዱ ላይ ከአባቴ ፊት ሌላ ነገር አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ስል፣ ከመሪው ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አየሁት። ቢጫው መብራት የለም። የቻይናው ጽሑፍም የለም። ማንም ምንም አልነካም እኮ፣ ከጌጡ በቀር። ነገሩ ግማሽ በግማሽ ገባኝ፤ ግን ለማን እናገራለሁ?

ፍኖተ ሰላም ገብተን ዋናው መንገድ ላይ፣ አንድ የፈረስ ጋሪ ባጃጅ ሊያልፍ ብሎ ፊታችን ተሰነቀረ። ደሳለኝ ቀስ ብሎ ፍሬን ሊይዝ እግሩን ሲያነሳ ቀደመችው። ጢጥ ጢጥ ብላ፣ ራሷ፣ ሲጥ ብላ ቆመች። አባቴ ከእጄ ተንሸራትቶ የተሰበረው ጎኑ ከፊት ወንበሩ ጋር ተላተመ። ጮኸ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋሪውን የሚጎትተው ፈረስ ከፊታችን ቆሞ ጆሮውን እያወዛወዘ ያየናል፤ ምንም አልሆነም። መኪናዋ አይታዋለች።

ደሳለኝ ወደ ኋላ ዞረ። እሱም ገብቶታል። "የዝቤ፣ ወረቀቱ…" ብሎ አልጨረሰውም።

የመኪናዋን ዓይን የሸፈነው የእኔና የባሌ ስም ነበር።

አባቴ የተሰበረው የዳሌው አጥንት ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከብዙ ጊዜ በኋላ በምርኩዝ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ላይ መውጣት አልቻለም። መልሱም፣ ቅልቅሉም ሳይደረግ ቀረ። አባቴ ወደ ቤቱ በገባ ሰሞን ጌትነት ሽማግሌ ይዞ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ተንበረከከ። ከዚያ አስቀድሞ የመኪናዋን ዓይን መልሶ ሸፍኖ፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር በአስተርጓሚነት ለሠራ ልጅ አሳይቶ አስነብቦታል። የፊት ካሜራው ተሸፍኗል፣ ረዳት ፍሬኑ አይሠራም ነው የሚለው። ከጠዋት ጀምራ ስትነግረን ውላለች፤ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ።

"ድንጋዩን አውርድና ቁጭ በል" አለው አባቴ።

"አያ ፈንቴ፣ ይማሩኝ…"

"አውርድ አልሁህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ እግርህ የት ነበር?"

ጌትነት አንገቱን ደፋ። "ፍሬኑ ላይ አልነበረም። እሷ ትይዛለች ብዬ…"

አባቴ ምርኩዙን አስተካክሎ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ እንዲቆጣም ፈልጌ ነበር።

"እኔም አለንጋዬን ያላነሳሁት ለዚሁ ነው" አለ አባቴ። "ሁለት ልጅ ስድር ዞሬ ሳላይ፣ ምልክት ሳልሰጥ ፈረስ አቁሜ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን ትቆማለች ስላልኸኝ አመንሁ። አንተ እግርህን አሳረፍህ፣ እኔ እጄን አሳረፍሁ። እንግዲህ ማን ማንን ይክሰስ?"

ጌትነት አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ለእግዚአብሔር አስባሉ። በመጨረሻም ጌትነት ዓይኑን እየጠረገ "ፈረስ ልግዛልዎት፤ የወደዱትን ይምረጡ" አለ።

"ፈረስ ምን ይሠራልኛል?" አለ አባቴ። "ከእንግዲህ የምሸኛት ልጅ የለችኝም።"

ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ "እንግዲህ ይቺ ሴትዮ መኪና ራሱ ፍሬን አይያዝ ልትል ነው" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። አልልም። አህያ የምታባርረዋን ሴት አልረሳኋትም። ከዓመታት በኋላ ደሳለኝ መኪና ሲገዛ ያው ዓይነት ፍሬን ያለውን ነው የገዛው፤ እኔም አልተቃወምኩም። አንዴ ከደምበጫ ስንመለስ ድንገት ከገባ በሬ አድናናለች። ዓይኗ ሲያይ ታያለች። ጥያቄው እሷ አይደለችም፤ ጥያቄው እሷ አለች ሲባል እኛ ምን እንደምንሆን ነው። አባቴና ጌትነት ሁለቱም ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ። እሷ ባትኖር ኖሮ፣ አንዱ ፍሬኑ ላይ፣ አንዱ አለንጋው ላይ ነበሩ። እሷ ብቻዋን ብትሠራም ይድኑ ነበር። የጎዳን እሷ መታወሯን ሳናውቅ ሁላችንም ሥራችንን ለእሷ መተዋችን ነው። ጋራዥ ውስጥ ላሉ ባለሙያዎች ይህ ቀላል ትምህርት ይሆናል። እኔን ግን አባቴን አስከፍሎኛል፤ በሕይወት ያለ አባቴን።

የሙሽራ መኪና የምታስጌጡ ልጆች፣ እባካችሁ ያንን የመስታወቱን አናት ተዉት። ስሙን ኮፈኑ ላይ ለጥፉት። ካልሆነም ጭራሽ አትለጥፉት፤ ሙሽራዋ ስሟን ታውቀዋለች። መኪና ያላችሁም ሰሌዳችሁ ላይ የማታነቡት ነገር ከበራ አስነብቡት እንጂ እንደኛ አትሳቁበት።

ምርቃቴን ጠይቄው አላውቅም። ምን ሊለኝ ነበር? ሁለቱ እህቶቼ የየራሳቸውን ያውቃሉ፤ ሲጠየቁ አይናገሩም፣ ይስቃሉ። የእኔ ድልድዩ ላይ ቀረ። አንድ ቀን ደፍሬ "አባዬ፣ ያን ቀን ምን ሊሉኝ ነበር?" ልለው ጀምሬ፣ ፊቱን ሳየው ስለ ጤፉ ጠየቅሁት።

አሁንም ጥየቃ ስንሄድ፣ ልንመለስ ስንነሳ አባቴ ምርኩዙን ይዞ ይነሳል። "ተቀመጡ፣ አባዬ፣ ይተዉ" ብንለው አይሰማም። ከመኪናችን ፊት ይገባና በኮረኮንቹ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ፤ ከዚያ በላይ ጎኑ አይፈቅድለትም። ደሳለኝ ከኋላው በእርምጃ ይከተለዋል። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ አባቴ ይቆማል፣ ምርኩዙን ከፍ ያደርጋል፣ ዞሮ ያየናል፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር ይላል። ደጅ ቆመው የሚያዩት እህቶቼ እንደሚሉት የሚመርቀኝ ያኔ ነው።

እኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። አባቴ ሲሸኘኝ ዓይኔን ከባሌ እግር ላይ አንስቼ አላውቅም።